የቀሪ ድርሻ

የማኅበራችን ሕግ አጭር ነው። በየወሩ በዐሥራ ሁለት በቅዱስ ሚካኤል ስም እንሰበሰባለን፤ ተራ የደረሰው ሰው ጠላና ዳቦ ያዘጋጃል፤ ቄስ ይባርካል፤ ጽዋው ለሚቀጥለው ባለተራ ተላልፎ እስከ ቤቱ ይሸኛል። የቀረ ሰው ካለ ደግሞ የዳቦ ድርሻው ፀሐይ ሳትጠልቅ ደጁ ድረስ ይሄድለታል። ይህን የመጨረሻውን የሚያደርሰው የማኅበሩ አለቃ ነው፤ ሙሴ እንለዋለን። እኔ ሙሴ የሆንኩት አንደበቴ ስለሚጣፍጥ ወይም ጸሎቴ ስለሚሰምር አይደለም። ያኔ ከሁሉም የእኔ እግር ይሻል ስለነበር ነው። አሁን እግሬም እምቢ ብሏል፤ ሹመቱ ግን አልለቀቀኝም።

ስሜ ኃይለ ኢየሱስ ነው። የምነግራችሁ በሰማንያ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት የሆነውን ነው፤ የመሬት ሽግሽግ የመጣ ዓመት። መንደራችን ከሞላሌ ገበያ ወደ ጓሳ አፋፍ ሲሄዱ የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ገብስና በግ ካልሆነ ሌላ አናውቅም። በዚያ ዓመት ግን ሁሉም ሰው አዲስ ቃል ተማረ፤ ቢሮክራት የሚል። በደርግ ጊዜ ትንሽም ብትሆን ሹመት የያዘ ሰው ቢሮክራት ይባላል፤ አራት ጥማድ ይተውለትና የቀረው መሬቱ ለሌላ ይሰጣል። መሬት የሌለው መሬት ማግኘቱን አልጠላሁም። የገዛ ልጄ ምንይሉም አግብቶ መሬት አልነበረውም፤ ከእኔው ላይ ነበር የሚያርሰው። የጠላሁት ስሙን ነበር፤ ሰው በጉባኤ መሐል ቆሞ ስም ሲወጣለት ማየቱን።

የእኔ ወንጀል ፊደል መቁጠሬ ነው። በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ተምሬ ስለነበር የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ሲያጣ ጎትተው አስቀመጡኝ። ስምንት ወር ጻፍኩ፤ ዓይኔን አሞኛል ብዬ ወጣሁ። ስምንት ወር በዕድሜ ላይ ምን አላት? መሬት አሸጋሻጊው ኮሚቴ ግን ይቆጥራታል።

ተገኘ የሚባለው ጎረቤቴ ከእኔ የባሰ ነበር። የገበሬ ማኅበሩን ሱቅ የያዘ ሰው ነው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ ተገኘ እንኳንስ ሊበላ አንዲት ማንኪያ ስኳር ለሰው አላስቀመሰም። ለልጄ ክርስትና ሁለት ኪሎ ብለምነው፣ «ደብተርህን አምጣ፣ የቤተሰብህን ቁጥር ልይ» ብሎ የመለሰኝ ሰው ነው። እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም። በጥር ጉባኤ ላይ ቢሮክራት ተባለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ጠፋ። ውኃ ስትቀዳ ሚስቱን ኮከቤን ያገኘች ሴት ሁሉ እንስራዋን ሳትሞላ ትመለስ ነበር።

የየካቲት ሚካኤል ተራ የተገኘ ነበር። ከእሱ ቀጥሎ ጽዋውን የሚቀበለው ኪዳነ ወልድ ነው። ኪዳነ ወልድ የሽግሽግ ኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሆን፣ አባቱ ወዳጄና የማኅበራችን ሰው ነበር፤ ሲሞት እንደ ደንቡ ልጁ ቦታውን ወረሰ። ያኔ ሠላሳም አልሞላው።

በዓሉ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ጎድጓዳው ላይ ሳርስ መጣብኝ። ጎድጓዳው የምንለው ከወንዙ ጥግ ያለውን መሬቴን ነው፤ ሌላው ሁሉ ውርጭ ሲመታው እሱ ገብስ ይሰጣል። ከበቅሎው ወረደ።

«ጋሼ ኃይሌ፣ እንደምን ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን።»

«የዚህ ወር ማኅበር ተገኘ ቤት ነው አሉኝ።»

«አባል አይደለህ ወይ? ማን ይነግርሃል?» አልኩት። በሬዎቹን አላቆምኩም።

ፈገግ አለና አብሮኝ ትልሙን ተከትሎ መሄድ ጀመረ። «ይዝለሉት። ቢሮክራት ቤት የሚሰበሰብን ሰው ኮሚቴው በሌላ ዓይን ነው የሚያየው። የምለው ለእርስዎ ብዬ ነው።» ከኪሱ ደብተር አወጣ፤ ገልጦም አሳየኝ። «ይኸው ስምዎ። የጻፍኩት በእርሳስ ነው፤ እርሳስ ይጠፋል። በዐሥራ ሁለት ተገኘ ቤት ከገቡ ግን በእስክሪብቶ ነው የምጽፈው።» ከዚያ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ነካ። «መቼም ይኼ መሬት አይከዳም» አለና ወደ በቅሎው ተመለሰ።

ልጅ ሳለ በጀርባዬ ተሸክሜ ወንዝ ያሻገርኩት ልጅ ነው። እሱ ሲሄድ ትልሙ ሳያልቅ በሬዎቹን ፈታሁ። ፈራሁ። ይህን መደበቅ አልችልም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለጌታነሽ ነገርኳት። ሱፍ ትፈትል ነበር፤ እጇን አላቋረጠችም።

«ከነገሩ ጦም እደሩ ነው» አልኳት።

«እውነትህን ነው» አለች። «ጎድጓዳው ከሄደ ምንይሉ ምን ያርሳል? እኛስ ምን እንበላለን?»

«በቃ ይዘለላል።»

«ኮከቤ ብቅል አስጥታ አየኋት» አለች። ይህች ሴት ሠላሳ ስምንት ዓመት እንዲህ ስታደርገኝ ኖራለች።

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆሜ ወደ ቅዱስ ሚካኤል ጸለይኩ። ድፍረት አልለመንኩም፤ ድፍረት ለወጣት ነው። ለዐሥራ ሁለተኛው ቀን ብቻ የምትሆን ትኩሳት ላክልኝ አልኩት። የታመመ ሙሴ አይወቀስም፤ እኔ ከሌለሁ ጉባኤው ይፈታል፤ ማንም በማንም አያዝንም። የላከልኝ ጤና ነበር። ያን ሰሞን አንድ ጊዜ እንኳ አላስነጠሰኝም።

ትኩሳቱ እምቢ ሲለኝ ተገኘ ቤት ሄድኩ። አሳቤ ተራህ ይለፍህ ልለው ነበር። ቃሉን በመንገድ ላይ አለሳልሼ አዘጋጅቻለሁ፤ የማዝን መስዬ፣ ጥፋቱ የጊዜ ነው ብዬ። ስገባ ኮከቤ ወለሉን ጠርጋ የጓሳ ሣር ስትጎዘጉዝ አገኘኋት። ገና አራት ቀን ቀርቶ ሳለ። በግድግዳው ዙሪያ የዐሥራ ሦስት እንግዳ መቀመጫ አዘጋጅታለች፤ ለኪዳነ ወልድ ሳይቀር።

ተገኘ ከጥግ ተነሣ። ከስቷል። «ሙሴ» አለኝ፣ «ልመጣብህ ነበር። ተራዬ ይለፈኝ። ሰው በእኔ ምክንያት አይጎዳ። ለሚቀጥለው አሳልፈው።»

የመጣሁበትን ቃል ከአፌ ወሰደብኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ። ለምን እንደተናደድኩ እስከ ዛሬ በደንብ አላውቀውም። ምናልባት የእኔን ፍርሃት በእሱ አፍ ስሰማው አስቀያሚነቱ ታየኝ፤ ምናልባትም የተጎዘጎዘው ሣር ነው።

«ዳቦው ትልቅ ይሁን» አልኩት። «እንዲያ በስኳር እንዳደረግኸን አታድርገን።»

ኮከቤ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔ ወጣሁ፤ ስወጣም ራሴን ብዙ ረገምኩ።

የካቲት ዐሥራ ሁለት ረቡዕ ዋለ። ስለ ጾሙ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተሰበሰብን፤ ተሰበሰብን ከተባለ። ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ አንድ ሚሊሻ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ፊደል ስለማያውቅ ለሚገባው ሰው ሁሉ አንዳንድ ጠጠር ያስቀምጣል። እኔ አንድ ጠጠር ሆኜ ገባሁ። ቄስ መርስዔ ኃዘን ሁለተኛ ሆኑ፤ «ባርኬ ቶሎ እሄዳለሁ፣ ቤት ሰው ታሞብኛል» እያሉ ገቡ። ሦስተኛው ዓይነ ስውሩ ወሰኔ ነው፤ በበትሩ እየዳበሰ መጣ። «የሚያየኝን ሰው አላየው፣ ምን ያስፈራኛል?» አለ። ጠላ ሲጠጣ ሁለት ጊዜ ደጅ ወጥቶ ስለተመለሰ ሚሊሻው ሁለት ጠጠር ጨመረ። ያን ቀን የሳቅነው በዚህ ብቻ ነው።

ሌላ የመጣ የለም። ቄሱ ባረኩ። ዳቦው እንዳዘዝኩት ትልቅ ነበር። ቢላውን ይዤ ሦስት ላድርገው ወይስ ዐሥራ ሦስት ብዬ አመነታሁ። ሕጉ የተሠራው ለታመመና መንገድ ለሄደ ሰው ነው፤ ስለፈራ ሰው የሚል ነገር የለበትም። ቄሱን ጠየቅኋቸው። እሳቸውም በሩን በሩን እያዩ፣ «ፍርሃትስ ሕመም አይደለም ወይ?» አሉኝ። ዐሥራ ሦስት ቆረጥኩ።

ዐሥሩን ድርሻ በቁና አድርጌ፣ ጽዋውን በሸማ ጠቅልዬ በብብቴ ይዤ ወጣሁ። ቄሱ እስከ አጥሩ ሸኙኝና በሌላው መንገድ ሄዱ፤ አልፈርድባቸውም። እግዚአብሔርን ታምኜ ወጣሁ ማለት ይከብደኛል። የታመንኩት እንደ ደከመ በሬ ነው፤ አሻግሮ የሚያየው ነገር ሳይኖር፣ ከኋላው ያለውን ድምፅ ስለሚያውቅ ብቻ የሚራመድ። አቡነ ዘበሰማያት ብዬ ጀመርኩ፤ እኩሌታው ላይ ጠፋኝ፤ እንደገና ጀመርኩ።

የመጀመሪያው በር የምንተስኖት ነው። እጁን ብቻ በበሩ ስንጥቅ አውጥቶ ዳቦውን ተቀበለ፤ ፊቱን አላየሁትም። በሁለተኛው ቤት ባልየው ከውስጥ «የለም በይው» ሲል እሰማዋለሁ፤ ሚስቱ ወጥታ «የለም» አለችኝ። «እኔም የመጣሁት ለሌለው ሰው ነው» ብዬ ሰጠኋት። ወሰንየለሽ የምትባለዋ የማኅበራችን መበለት ዳቦውን ይዛ አለቀሰች፤ «ልመጣ ነበር፣ ልጆቼ ናቸው የያዙኝ» አለች። እንዲህ እያልኩ ዘጠኝ በር አንኳኳሁ። ሚሊሻው በርቀት ይከተለኝ ነበር። ጉልበቴ ሲያመኝ ቁጭ ስል እሱም ይቀመጣል።

ዐሥረኛው የኪዳነ ወልድ ቤት ነው። ደጁ ላይ ከወረዳ የመጡ ሁለት እንግዶች ከእሱ ጋር መደብ ላይ ተቀምጠዋል። ሲያየኝ ተነሣ።

«እዚህ ድረስ ይዘውት መጡ?» አለ።

«ቀርተሃል። ድርሻህ ነው። ጽዋውም ተራው ያንተ ነው።»

እጆቹን ወደ ኋላው አደረገ። በዝግታ፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙት፣ «ዛሬ ስምዎን በእስክሪብቶ የጻፉት ራስዎ ነዎት» አለኝ።

«ልጄ፣ ደክሞኛል። ዳቦህን ተቀበለኝና ልሂድ።»

አልተቀበለኝም። እኔም አልሄድኩም፤ ድፍረት እንዳይመስላችሁ፣ እግሬ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ነው። በዚህ መካከል እናቱ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ከቤት ወጣች። ጎንበስ ብላ እየተራመደች መጣችና፣ «ተራው የማን ነው?» አለች።

«የእናንተ ነው።»

ዳቦውን ተሳልማ ተቀበለች። ጽዋውን ከብብቴ አውጥታ በነጠላዋ ጠቀለለችው። ልጇን አላየችውም፤ እንግዶቹንም አላየቻቸውም። «የመጋቢቱ እዚህ ነው፤ ለሁሉም ንገር» ብላኝ ገባች።

በሽግሽጉ ጉባኤ ዝርዝሩ የተነበበው መጋቢት ዐሥር ነው። «ኃይለ ኢየሱስ፣ የፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ፣ ቢሮክራት።» ኪዳነ ወልድ አንብቦ፣ ተቃውሞ ያለው ካለ እጅ ያውጣ አለ። ዳቦ ያደረስኩላቸው ሰዎች ሁሉ እዚያ ነበሩ። አንድ እጅ አልወጣም። ወሰኔ ዓይነ ስውሩ እንኳ መሬቱን በበትሩ ይቆፍር ነበር። ጎድጓዳው ለምንተስኖት ደረሰው፤ በበሩ ስንጥቅ እጁን ላወጣው። ምንይሉ ያንኑ ቀን ዕቃውን ጠቅልሎ ሥራ ልፈልግ ብሎ ወደ ደብረ ብርሃን ወረደ። ሚስቱ ወላጆቿ ዘንድ ገባች።

ያን ጊዜ በእግዚአብሔር ተቀየምኩ። እውነቱን ነው የምናገረው። ተአምር አልጠበቅሁም፤ ግን አንድ እጅ፣ አንዲት እጅ ብትወጣልኝ ምን ነበረበት? ትኩሳት ብለምን ጤና፣ ሰው ብለምን ዝምታ። ቤቴ ገብቼ ተኛሁ።

መጋቢት ዐሥራ ሁለት ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጌታነሽ ወደ እኔ ዞረች።

«ሙሴው ቀረ ሊባል ነው?»

«ይባል።»

«ወይዘሮ ጥሩሸዋ ትጠብቅሃለች።»

«ጽዋዋን አድርሼላታለሁ። ዕዳዬን ጨርሻለሁ። ደከመኝ፣ ጌታነሽ።»

እንዝርቷን አነሣች። ያን ዕለት መልሳ አልነካካችኝም፤ መሸነፌን ስላየች ይመስለኛል፣ አዘነችልኝ። እኔም ወደ ግድግዳው ዞሬ ማንም አልመጣም ይሆናል፣ የፈራ ሰው ቤት ለቤት በሚዞር ዳቦ አይድንም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። መጽናናቱ መራራ ነበር።

ፀሐይ ወደ አፋፉ ስታዘቀዝቅ ውሻው ጮኸ። ጌታነሽ በሩን ከፈተች። ኪዳነ ወልድ ነው። በእግሩ ነው የመጣው፤ በእጁ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። የእናቱን ነጠላ ለየሁት።

«እናቴ ናት የላከችኝ» አለ ከደጃፉ። «ሙሴው ራሱ ከቀረ ድርሻውን ማን ያደርስለታል ብላ ጠየቀች። ሕጉን የሚያውቅ ጠፋ። እንግዲያው የቤቱ ጌታ ያድርስለት አለች።»

ተነሥቼ ቆምኩ። እጆቼ ወደ ኋላዬ ሄዱ። እኔ አላዘዝኳቸውም፤ በራሳቸው ነው የሄዱት። አያቸው። የራሱን እጅ እንዳስታወሰ ከፊቱ አወቅሁ።

«መሬቱን ልመልስልዎ አልችልም» አለ። «ዝርዝሩ ወረዳ ገብቷል።»

«አልጠየቅሁህም።»

«አውቃለሁ።»

ዳቦውን እንደዘረጋ ቆመ። አልገባም፤ አልሄደምም። ክንዱ መዛል ጀመረ።

«ስንት ሰው መጣ?» አልኩት በመጨረሻ።

«ከእርስዎ በቀር ሁሉም።»

«ተገኘም?»

«ተገኘም። እናቴ አጠገቧ አስቀመጠችው። ምንተስኖትም መጥቷል፤ አንገቱን ደፍቶ በሩ ሥር ነው የተቀመጠ።» ዳቦውን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ቄሱ ጽዋው አይንቀሳቀስም ብለዋል፣ ሙሴው ሳይኖር። ሰዉ ሁሉ እዚያው ተቀምጦ ይጠብቃል።»

አፈርኩ። ዐሥር በር እያንኳኳሁ ፍርሃት ሕመም ነው ስል የኖርኩ ሰው፣ የራሴ በር ሲንኳኳ እጄን ደበቅሁ። ኩርፊያም ሕመም መሆኑን አላወቅሁም ነበር። እግዚአብሔርን አንዲት እጅ ለምኜው ነበር፤ ይኸው የተዘረጋችው እጅ ስሜን የጻፈችው ሆነች። በዚህም ተናደድኩ። ተናድጄም ዳቦውን ተቀበልኩ። ተሳለምኩት፤ ቆርሼ ለጌታነሽ ሰጠኋት፤ እኔም ቀመስኩ። የባቄላ ዱቄት የተቀላቀለበት የገብስ ዳቦ ነው፤ ቀዝቅዟል።

ጌታነሽ የሱፍ ባናዬን ከመስቀያው አውርዳ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። ብርዱ ወርዷል።

«ልደግፍዎ?» አለኝ ኪዳነ ወልድ።

«በራሴ እሄዳለሁ» አልኩት።

ከደጃፋችን ወደ መንገዱ ሁለት የድንጋይ ደረጃ አለ። በሁለተኛው ላይ ጉልበቴ ከዳኝና ክንዱን ያዝኩ።